ከፓምፑ ሥር የነበረው ብራና

ቤንዚኑ ከሚገባው በላይ ተገፋ፤ ሞተሩ ሊጠጣው ያልቻለው ፈሰሰ፤ የፈሰሰው ተቀጣጠለ። የሆነው ይኸው ነው። ሌላውን ሁሉ የጨመረበት ሰው ነው።

መኪናው ነጭ ቮልስ ነበር። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባላባት ነበር፤ ሲወረስ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተሰጠ፤ ከጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ጓድ ማሩ ወሰደው። ጓድ ማሩ የአውራጃው ካድሬ ነው። በዚያ ዓመት ደብረ ታቦር ውስጥ ማን እንደሚታሰርና ማን እንደሚፈታ የሚወስነው እሱ ስለነበር፣ ነጩ ቮልስ ሲያልፍ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ሌላ ያያል። ሐሙስ ዕለት ለስብሰባ ወደ ይፋግ ሲሄድ፣ ወደ ዓለም በር የሚያወርደውን ቁልቁለት እንደጀመረ፣ ከኋላ ጭስ ወጣ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ሾፌሩ ጋሽ ሙላቴ ኮፈኑን ሲከፍተው ነበልባሉ ፊቱን ገረፈውና ቅንድቡን በላው። አፈር እየዘገነ፣ በጋቢው እያፈነ አጠፋው። ጓድ ማሩ በዚያ ጊዜ ሽጉጡን መዞ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ የሚተኩስበት ሰው ይፈልግ ነበር አሉ።

መኪናውን በዚያው ሳምንት የጠገነው ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ነው። ሳይመሽ ያዙት። ክሱ አሻጥር ነው። በአሻጥር የተያዘ ሰው ወደ ጎንደር ይወሰዳል። ከጎንደር የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆመና በጣቱ ጠራኝ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ወጣሁ። ከተማሪዎቹ አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም። ልክ ነበሩ።

የጓድ ማሩ ቢሮ በር ማጠፊያው ላልቷል። ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል፤ ሲዘጋ አይገጥምም፤ ነፋስ መልሶ ይከፍተዋል።

«ዝጊው» አለኝ።

ዘጋሁት። ተከፈተ። ደግሜ ዘጋሁት። ተከፈተ።

«ተይው። አብዮቱን ያሸነፈ አንድ እሱ ብቻ ነው» አለና ሳቀ። እኔም መሳቅ እንዳለብኝ ስለገባኝ ጥርሴን አሳየሁት።

«ጓዲት ፈንታነሽ አድማሱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፤ ፊዚክስ።»

«አዎ።»

«አንቺ ፊዚክስ፣ ወንድምሽ ሰው ማቃጠል። የተማረ ቤተሰብ ነው።»

«ወንድሜ መካኒክ ነው። ሰው ማቃጠል ቢፈልግ እንዲህ በግምት አይሠራም ነበር።»

ያልኩት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጓድ ማሩ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ፤ ከጠርዙ ሊወድቅ ሲል ያዘው።

«እኔም ይህንኑ ነው ያሰብኩት» አለ። «ስለዚህ ስሚ። ላንድሮቨሩ ዘመቻ ላይ ነው፤ ሌላ መኪና የለኝም። ያቃጠለኝ ወይ መኪናው ነው፣ ወይ ሰው ነው። ፈትተሽ ጥፋቱን አግኚ። ጠግኚው። እሑድ ወንድምሽን ከኋላ ወንበር፣ እዚያው ሞተሩ አጠገብ አስቀምጠን መኪናው ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል። ካልተቃጠለ እንነጋገራለን።»

«አብሮት የሚሄደው ማነው?»

«የጠገነችው ናታ።» እርሳሱን እንደገና አንከባለለው። «አትዘግዪ። ሰኞ ከጎንደር ሰዎች ይመጣሉ። ሰው ይዘናል ብዬ ስልክ ደውያለሁ።»

ጋራዡ ግቢያችን ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ነው። ቮልሱን በገመድ ጎትተው አምጥተው ነበር። ኮፈኑ ጠቁሯል፤ የቤንዚኑ ጎማ ቀልጦ ተጣብቋል፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ጋሽ ሙላቴ እኔን እንዲጠብቅ ታዞ በርሜል ላይ ተቀምጧል። ቅንድብ የሌለው ሰው ሁልጊዜ የደነገጠ ይመስላል።

«ቲቸር፣ እኔ ይርጋን እወደዋለሁ» አለኝ። «ግን ቅንድቤን የማውቀው ከሱ በፊት ነው።»

«ይበቅላል።»

«ለበዓል ይደርሳል?»

«ጋሽ ሙላቴ፣ ዝም ብለህ ጠብቀኝ።»

መፍቻና ካቻቢቴ እያቀበልኩ ያደግሁት እዚህ ስለሆነ የት እንደምጀምር አውቃለሁ። የቤንዚን ፓምፑ ጭብጥ ያክላል። ሞተሩ ሲዞር ከሥሩ አንዲት ዘንግ ወደ ላይ እየመጣች ትገፋዋለች፤ በተገፋ ቁጥር ከታንከሩ ቤንዚን ይስብና ወደ ካርቡራተሩ ይልካል። ካርቡራተሩ ውስጥ መርፌ የመሰለች መዝጊያ አለች፤ ሲሞላ ትዘጋለች። ፓምፑ ከልክ በላይ ከገፋ ግን መዝጊያዋ አትችለውም። ቤንዚኑ በርግዷት ያልፋል፤ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የጋለው ብረት ላይ ይንጠባጠባል። የኤሌክትሪክ ፍንጣሪው ያለው ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው።

ይህ ፓምፕ የመኪናው አልነበረም። የራሱ ሲበላሽ ይርጋ ከባሕር ዳር እስኪመጣ እንጠብቅ ብሎ ነበር። ጓድ ማሩ አብዮት አይጠብቅም አለና ከአንድ ከወደቀ ሞተር ላይ ሌላ አስፈትቶ «ይኸን ግጠም» አለው። ዘንጓ ለዚህ ፓምፕ ትረዝማለች። ስለዚህ ይርጋ ከፓምፑ ሥር የሚነጠፈውን ጋስኬት አወፍሮ ፓምፑን ከዘንጓ ትንሽ ከፍ አደረገው። ሲለካ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጋስኬት ማለት በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ልባስ ነው፤ በኛ ከተማ አይሸጥም፤ ይርጋ ከብራና ይቆርጠዋል። አባታችን መሪጌታ አድማሱ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ከመጽሐፍ ጠርዝ የሚተርፈውን ባዶ ቁርጥራጭ ለሱ ያስቀምጡለታል። ብራናን ቤንዚን አያሟሟውም። ይርጋ ሁለት ወፍራም ብራና ደርቦ ነበር ያዘጋጀው።

ዳዶዎቹን ፈታሁ። ፓምፑን አነሳሁ። ከሥሩ ያገኘሁት አንዲት ስስ ካርቶን ነው።

ደግሜ አየሁ። ብራናው ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ አመድ ፈለግሁ። የለም፤ እሳቱ እዚያ አልደረሰም። አንድ ካርቶን ብቻ፤ ያውም ልክ ሆኖ የተቆረጠ፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ እንኳ ያልተዛባ።

በዚህ ከተማ ከዚያ ፓምፕ ሥር ውፍረት መቀነስ ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ ሰው ይርጋ ነው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ አላደረግሁትም።

ይርጋ ምን ያስብ እንደነበር አላውቅም። በዚያ ጊዜ ማንም ስለማንም አያውቅም፤ አንድ ትራስ የሚጋሩ ሰዎች እንኳ አይነጋገሩም። ጓደኛውን ሞላን ከገበያ መካከል ሲወስዱት ይርጋ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ለሳምንት ያህል ግን መፍቻ ከእጁ እየወደቀ ያነሳ ነበር። ወንድሜ በእርግጥ አድርጎት ቢሆንስ? ጥፋቱን አግኝቼ ለጓድ ማሩ ሳስረዳው በገዛ እጄ ገመዱን እያጠበቅሁለት ቢሆንስ?

«አገኘሽው?» አለ ጋሽ ሙላቴ ከበርሜሉ ላይ።

«ገና ነው።»

ካርቶኗን ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ስንቅ ለማድረስ ወጣሁ።

ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ እስረኛውንና ቤተሰቡን የሚለየው የእንጨት አጥር ነው። ጠባቂው እንጀራውን በጣቱ በጥሶ ካየ በኋላ እዚያው መካከላችን ቆመ። ይርጋ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከንፈሩ አብጧል።

«ከፓምፑ ሥር ምን አደረግህ?» አልኩት። ሰላምታ ጊዜ ይወስዳል።

«ሁለት ብራና።»

«በእጅህ?»

«በእጄ። ረቡዕ ብሎኖቹ ላይ አስገብቼ፣ ፓምፑን ልጭን ስል ለቀበሌ ስብሰባ ጡሩምባ ተነፋ። እንዲያው ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ጋሽ ሙላቴ መኪናው የታለ እያለ ይጮሃል። ፓምፑን ከላይ ጭኜ አሠርኩ።»

«ሥሩን ሳታይ?»

«ያስቀመጥኩትን ነገር ምን ብዬ አያለሁ? ዘይት በዘይት ነበር ደግሞ።» ከዚያ ፊቴን አየና ገባው። «ምን ነበር ሥሩ?»

«በቃ!» አለ ጠባቂው።

«ፈንቴ፣ ምን ነበር?»

መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። እሱ እንዳላደረገው አውቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ድንጋጤ በትወና አይመጣም። ደስታዬ ግን ከአጥሩ በር አላለፈም። እሱ ካልሆነ ሌላ ሰው ነው። ረቡዕ ዕለት ስብሰባ ላይ ያልነበረ ሰው ነው። ከቀበሌ ስብሰባ መቅረት የሚፈቀድለት ደግሞ በሽተኛና ሽማግሌ ብቻ ነው።

አባቴ ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ይርጋ ከተያዘ ወዲህ ብዕር አልነኩም። ፀሐይዋ እየወረደች ነበር፤ የተወጠረው ብራና ላይ ቀይ ብርሃን ወድቆበታል።

«አባባ፣ ረቡዕ ዕለት ጋራዡ ውስጥ ማን ገባ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ወዲያው። «ምነው?»

«ከመኪናው ላይ የነኩት ነገር አለ?»

ተነሡ። ከመጻሕፍቱ ማኅደሮች ጀርባ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ፈቱት። ሁለቱ ብራናዎች ናቸው፤ ታጥበዋል፤ ደርቀዋል። አንደኛው ባዶ ነው። ሁለተኛው ግን ከጠርዝ የተቆረጠ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ካበላሸው ገጽ ነው ይርጋ የቆረጠው። ቀለሙ ለቆ አብዛኛው ጠፍቷል፤ በቀይ የተጻፈው የእመቤታችን ስም ግን ፍንትው ብሎ ይነበባል።

«ጥፍሩ በዘይት የጠቆረ ልጅ የሚያነሳውን አያይም» አሉ። «እኔ ግን አየሁ። ስሟ ከሞተር ሥር፣ ከዘይት መካከል ይደር? ያረጀ ብራና እንኳ ይቀበራል እንጂ አይጣልም። አወጣሁና እዚያው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካላንደር ጀርባ ልኩን ቆርጬ ተካሁለት። ሥራውን አላበላሸሁም። ቅርጹ አንድ ነው። ቀዳዳው አንድ ነው።»

«ውፍረቱስ?»

«ውፍረቱ ምን ያደርጋል?»

ነገርኳቸው። በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ማለስለስ አልችልበትም። ስለ ዘንጓ፣ ስለ መርፌዋ፣ ስለፈሰሰው ቤንዚን። ሲገባቸው ብራናዎቹን በጨርቁ መልሰው ጠቅልለው ከብብታቸው አስገቡ።

«ስሟ እዚያ እስከነበረ ድረስ ማንም አይቃጠልም ነበር» አልኩ። ተናድጄ ነበር። «ያወጧት አንቱ ነዎት።»

«ሄጄ ልንገራቸው።»

«ምን ብለው? አንድ መሪጌታ የካድሬውን መኪና ነካካሁ ብለው? አድኃሪ አባት አዘዘ፣ መካኒክ ልጅ ፈጸመ ይሉና ሁለታችሁንም ይወስዷችኋል። ዝም ይበሉ። መኪናውን እጠግነዋለሁ። ጋስኬቱን ሙቀት በላው እላለሁ። ጨርሰናል።»

«ሐሰት ነው።»

«አዎ፤ ሐሰት ነው። አሁን ሁለት ወፍራም ብራና እፈልጋለሁ፤ ያልተጻፈበት።»

ከዚያ ቁርጥራጩን የሚያስቀምጡበትን አገልግል ሳቡና አንዱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጣሉት፤ ሌላ አነሡ። «ከቆዳው ሆድ በኩል ያለው ስስ ነው» አሉ። «ይኸ ከአንገቱ ነው።» ካራቸውን ሞርደው ቆረጡ። መስመር አላሰመሩም። እንደዚያ ካርቶን ሁሉ አንዲት ጠርዝ ሳትዛነፍ፣ ሁለት ጋስኬት።

በማግስቱ የቤንዚኑን ጎማ ለወጥኩ፣ ብራናዎቹን አነጠፍኩ፣ ፓምፑን ጭኜ አሠርኩ። ሞተሩ ተነሣ። ካርቡራተሩን በባትሪ ብርሃን አየሁት፤ ደረቅ ነበር። ዕቃ ስሰበስብ ግን ካርቶኗ ጨርቁ ላይ አልነበረችም። ነፋስ ወስዷት ይሆናል ብዬ መሬቱን አሰስኩ። ጋሽ ሙላቴ እግሩን አነሳልኝ፤ ከሥሩም የለችም።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም።»

ሌላም ነገር አየሁ። ግድግዳው ላይ ካላንደሩ የለም። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል።

እሑድ ይርጋን እጁን በገመድ አሥረው አመጡት። ጓድ ማሩ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ መንገድ ዳር ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። እኔና ይርጋ ከኋላ ገባን። የሞተሩ ግለት በወንበሩ ጀርባ ይሰማል። ጋሽ ሙላቴ መሪውን ከመጨበጡ በፊት በሩን ግማሽ ከፍቶ በእግሩ ደገፈው።

«ለምን አትዘጋውም?» አልኩት።

«ነፋስ እወዳለሁ።»

«የኛስ በር?»

«ቮልስ ከኋላ በር የለውም ቲቸር። የሠራሁት እኔ መሰለሽ?»

ወረድን። በስተግራ ገደል ነው፤ ከሥር የገብስ ማሳዎች ትንንሽ ሆነው ይታያሉ። ይርጋ የታሠሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። እኔ የማዳምጠው በአፍንጫዬ ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሽታው መጣ፤ ቤንዚን፤ ጥርጥር የለውም። ብራናዎቹ ሳስተው ይሆን? ጎማውን አላጠበቅሁት ይሆን? ይርጋም ሸቶታል፤ ወደ መስኮቱ አየ፤ መስኮቱ ሰው አያሳልፍም።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሽ ሙላቴ፣ አቁም!»

እኔ ስጮህ እሱ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ቀድሞ ወርዶ ነበር። መኪናው ተንገራግጮ ቆመ። የፊቱን ወንበር ገፍቼ ተንደርድሬ ወጣሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። ፓምፑ ደረቅ ነው። ካርቡራተሩ ደረቅ ነው። ጣቴን ከሥሩ አሳለፍኩ፤ አቧራ ብቻ። ሽታው ግን አለ። ዞር ስል ጋሽ ሙላቴ ከኋላዬ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ያ እሳት ያጠፋበት ጋቢ አለ።

«ይህን ጋቢ አላጠብከውም?»

«ሳሙና የት አለና?»

ይርጋ ከመኪናው ውስጥ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው። እስከ ታች ወረድን፣ ዞረን ወጣን። አልተቃጠልንም።

ቢሮ ስንመለስ አባቴ መተላለፊያው ላይ ባለ አግዳሚ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቤት ይቆዩ ብዬ ነበር። በዓይኔ ይሂዱ አልኳቸው፤ እንዳላዩ ሆኑ። እኛ ገባን። በሩ ከኋላችን ተከፍቶ ቀረ።

«በይ አስረጂኝ» አለ ጓድ ማሩ።

አስረዳሁት። ፓምፑ የመኪናው ስላልሆነ ግፊቱ ይበዛል፤ ይህን የሚመልሰው ወፍራም ጋስኬት ነው፤ ያንን ሙቀት አሳሳው፤ ወፍራም ተክቻለሁ፤ ከእንግዲህ አይደገምም። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ያህል የተረጋጋ ነበር። ጓድ ማሩ ራሱን ነቀነቀ። መሳቢያውን ከፈተ። ካርቶኗን አወጣ፤ ከዚያ ካላንደሩን። ካላንደሩን ገልብጦ ካርቶኗን ከተቆረጠው ቦታ አስገባት። ገጠመች።

«ሙቀት እንዲህ አድርጎ ይቆርጣል?» አለ።

ጋሽ ሙላቴ ወደ ጫማው አየ።

«ጓዲት፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ምናልባት መኪናው ይሆናል እል ነበር። አንቺ ነሽ ያረጋገጥሽልኝ። ወፍራሙ ሲኖር አይቃጠልም፤ ሲወጣ ይቃጠላል። ስለዚህ ያወጣው ሰው አለ። የተተካው የተቆረጠው ከወንድምሽ ግድግዳ ነው።» ወደ ይርጋ ዞረ። «ሌላ የምትለው አለህ?»

ይርጋ ካርቶኗን ያየው ገና አሁን ነው። አቆራረጡን አየ። የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ እኔም እንደገባው አየሁ።

«የለኝም» አለ።

«እሱ የኔ እጅ ነው» አሉ አባቴ ከደጃፉ ላይ።

«አባባ!»

«ዝም በይ ልጄ።» ገቡ። «እሱ አያውቅም። እሷም አታውቅም። ስብሰባ ሄዶ ሳለ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ጓድ ማሩ አያቸው። «መሪጌታ፣ ለልጅ ሲሉ ብዙ ይባላል።»

«ካርቶን አምጣ። ምላጭ አምጣ።»

ጓድ ማሩ ካላንደሩን ገፋላቸው፤ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ሰጣቸው። አባቴ ቆመው፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ቆረጡ። ጋሽ ሙላቴ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሲጨርሱ ጓድ ማሩ ሁለቱን ካርቶኖች ደራርቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቸው። አንዱ ከሌላው አልወጣም።

«ለምን?» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

አባቴ ከብብታቸው ጨርቁን አውጥተው ፈቱት። ጓድ ማሩ ጎንበስ ብሎ አነበበ። በካድሬ ድምፅ አልነበረም ያነበበው፤ ልጅ ሆኖ በተማረበት ዜማ ነበር፤ ሁለት ቃል እንዳለ ራሱን ሰማና ቆመ። ጋሽ ሙላቴ ሊያማትብ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ፤ መሐል ላይ የት እንዳለ ትዝ አለውና የሌለ ቅንድቡን አከከ።

በሩ ነፋስ እየገፋው ወለሉን ይፍቃል። አንድ አፍታ፣ ይለቀናል ብዬ አሰብኩ።

ጓድ ማሩ ብራናውን በጣቱ ጫፍ ወደ አባቴ መልሶ ገፋው።

«ስልክ ደውያለሁ» አለ፤ ለኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። «ሰው ይዘናል ብዬ ደውያለሁ። ነገ መጥተው ሰው የለም ብላቸው የሚጠይቁት እኔን ነው።» ይርጋን አየው፤ አባቴን አያቸው። ሲመዝን ይታወቃል። «መካኒክ ያስፈልገኛል። ከዚህ እስከ ወረታ ሌላ መካኒክ የለም። መሪጌታ ግን አያስፈልገኝም።»

«እንግዲያ ሰው አለህ» አሉ አባቴ።

«ጓድ ማሩ፣ ሰባ ዓመታቸው ነው» አልኩ። «ስለ ግፊት የሚያውቁት ነገር የለም። ሊጎዳዎ ያሰበ ሰው...»

«አውቃለሁ» አለ። ከሰማሁት ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነበር። ያውቃል። «ፍታው» አለው ጠባቂውን፤ ጠባቂው የይርጋን ገመድ ፈታ፤ ገመዱን እጁ ላይ እንደያዘ አባቴን አየና ወደ ጓድ ማሩ ዞረ።

«ገመዱን ተወው። ይሄዳሉ።»

አባቴ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ይርጋ «አባባ» አለ። እኔም አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ የመጣልኝ ሁሉ ክርክር ነበር፤ ክርክር ደግሞ አልቋል።

«ከፓምፑ ሥር ያሉትን ሁለቱን እንዳትነኳቸው» አሉን። «ከአንገቱ በኩል ናቸው። ምንም አልተጻፈባቸውም።»

ጠባቂው ቀድሞ ወጣ። አባቴ ተከተሉት። ከደጃፉ እንዳለፉ ዞር አሉና፣ በሩን በሁለት እጃቸው ከሥር ወደ ላይ ብድግ አድርገው፣ ቀስ ብለው ገጠሙት። ነፋሱ ቢገፋውም አልተከፈተም።